ስለ ባለ አምስቱ

ልግዛው ወይ አልከኝ? ተቀመጥ፣ አትቸኩል፤
ካውያው ግሏልና እጅህን ወዲህ በል።
ከሙጋድ እስከ ሆጤ፣ ከፒያሳ ሮቢት
ያንን ባለ አምስቱን ያልፈታሁለት ቤት
የለም። አምስት ሲዲ፣ እንደ ወፍጮ ዞሮ፣
በባለ አንዱ ዋጋ፣ መቶ ብር ተጨምሮ።
ካርቶኑ ያለውን አንብበህ መጥተሃል፤
የባለቤት አፍ ግን ሌላ ይናገራል።

ይመር ወፍጮ ቤቱ፦ «አላህ ይስጠው!» ይላል፤
«ዱቄት እየቃመ ሦስት ዓመት ሠርቷል።
ሪሞቱ የጠፋ በሁለተኛው ቀን፤
ጣት አለኝ አይደል ወይ፣ ምን አጎደለብን?»

አስረስ ሾፌሩ ግን፦ «የሐረጎን ቁልቁለት
ከወንበር ሥር ሆኖ ሲንገጫገጭበት
ምንም ያልሆነ ዕቃ፣ ኮምቦልቻ ገብቶ
ድመት ብትዘለው ቀረ አፉን ከፍቶ።
እራት ስናቀርብ እንኳ፣ ምላሱን አውጥቶ
ጉርሻ ይጠብቃል!»

መምህር ወንድይፍራው በቀይ እስክሪብቶ
ሁለት ገጽ ጽፎ ሰጠኝ፣ ነጥብ ነጥቡን ለይቶ፦
«ሥዕል፣ ስምንት ካሥር። ድምፅ፣ ሰባት ተኩል።
ከሲዲ ወደ ሲዲ ለመሻገር ሲል
ዐርባ አንድ ሰከንድ! ለክቻለሁ በሰዓት።
ተነሥቶ በእጅ መቀየር ይፈጥን ነበር፤ አብራሩት።»

ዘነቡ ሻይ ቤቷ ይኸንን ስትሰማ ትሥቃለች፤
«መምህሩ ነግዶ አያውቅም» አለች።
«እሱ ሲያንገራግር ሰው ሻይ ይደግማል፤
ባይዘገይማ ማን ይከፍለኛል?»

ሐጂ እንድሪስ አምስቱንም መንዙማ ሞልተውት
ከዙህር እስከ መግሪብ አይነኩትም በጣት፤
«ቤቴ ካለው ዕቃ፣ ካለው ሰውም ሁሉ፣
ተነሥ ያላለኝ እሱ ብቻ ነው» አሉ።

እኔን ከጠየቅከኝ፣ ሆዱን አይቻለሁ፤
ዓይኑን አምነዋለሁ፣ ሞተሩን አምናለሁ።
ግን ከሰሃኑ ሥር አንዲት ጎማ አለች፣
የሕፃን ጸጉር ማሰሪያ የምታህል። በበጋ ትላላለች፣
በደሴ ብርድ ደግሞ ደርቃ ትሰነጠቃለች።
ዋጋው የወረደው እዚያች ጋ ነው።
እኔ ከብስክሌት ከመነዳሪ ቀድጄ
ቀለበት አወጣላታለሁ፤ ሃያ ብር፣ በዚህ እጄ።

አንድ ብቻ አለ፣ እጄን የመለሰው።
ጦይባ ናት ያመጣችው፣ ሐምሌ፣ ጉም ጦሳን ሲያለብሰው፣
ካረብ ገንዳ ድረስ፣ በፎጣ ጠቅልላ።
«አራቱን ደህና ይሠራል» አለች፣ ቀስ ብላ፤
«አምስተኛው ላይ ግን ይቆማል። ይዞራል፣
ይዞራል፣ ‹የለም› ብሎ ይጽፋል፣ ደግሞ ይዞራል።
አምስት ነን፣ አምስት ቀዳዳ፤ ለዚያ ነው የገዛነው፣
ልጆቹ እንዳይጣሉ። አምስተኛው የሙሄ ነው።
ሙሄ በሎጊያ በኩል ከሄደ
ሁለት ረመዳን አለፈው።»

ፈታሁት። ጎማው ደህና። ጥርሱም አልጎደለ።
ባዶ ሲያገኝ መፈለግ፣ ሲሠሩትም ያለ፣
ጠባዩ ነው። «ሌላ ሲዲ ክተችበት፣
አይቆምም» አልኳት።
«በሱ ቦታ?» አለችኝ።
በፎጣው መልሳ ጠቀለለችው። ሒሳብ አልተቀበልኳትም።
ወንድይፍራው ለዚህ ነው ነጥብ የቀነሰበት።

እንግዲህ ልግዛው ላልከው፣ ብርህን አልቆጥርልህም፤
ምርጫ የሚሉትን ነገር ላንተ አልመርጥልህም።
ግን ቤት ውስጥ ስንት ናችሁ?
እስቲ እሱን ንገረኝ መጀመሪያ።
ለጎማው እኔ አለሁ።