የገለባ ቀለም ሲመጣ

ቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣
የእትዬ ፈለቀችን ቆርቆሮ አጥር ሲገባ፣
አራት ሜትር ጉድጓድ ተዋውለን ነበር፣
በሜትር ተቆጥሮ፣ እጅ በእጅ ብር።

መጀመሪያው ሜትር መረሬ ለስላሳ፣
እንደ ጎመን ሥር በአካፋ የሚነሳ።
ከወገብ በታች ቢጫ ሸክላ መጣ፣
እሱንም በዶማ፣ በላብ፣ በቁጣ።
ሁለት ሜትር ላይ ግን ምድር አፏን ዘጋች፣
ጥቁር ጥርሷን ነክሳ «አልከፍትም» አለች።

ጦና ዲጂኖውን ከፍ አርጎ ቢሰብቀው፣
ድንጋዩ አልሰማም፤ ብረቱ ነው የሰማው።
ጫፉ እንደ ሽማግሌ ከንፈር ተጣጠፈ፣
አለቱ ላይ ነጭ ጭረት ብቻ ተጻፈ።
እትዬ ፈለቀች ከላይ ቁልቁል አይተው፣
«ውል ውል ነው፣ ልጆቼ» አሉን ፈገግ ብለው።

እሑድ በማለዳ ምናለሽ ተራ ወረድን፣
የብረት መቃብር ረድፍ ረድፉን ሄድን።
ሻጩ ፌሮ አሳየን፣ ሃያ አራት ቁጥር፣
ወፍራም ነው፣ ቀጥ ያለ፣ ላየው የሚያምር።
ጦና በመዶሻ አንዴ ነካ አረገው፤
«ድም» አለና ዝም። «ይሄ ሊጥ ነው፣ ተወው።»
አዲሱን አነሳን፣ ቀይ ቀለም የጠጣ፣
ከነላስቲኩ ነው፣ ከባሕር ማዶ የመጣ፤
ቀለሙን በጥፍሬ ፋቅ ፋቅ ባረገው፣
ከሥሩ ያገኘሁት ሌላ ቀለም ነው።

ከጎማ ክምር ሥር፣ በግራሶ ተለውሶ፣
የአሮጌ ኢሱዙ ሻፍት ተኝቷል፣ አፈር ለብሶ።
ጦና በሲባጎ አንጠልጥሎ ያዘው፣
እኔ በመፍቻ አንድ ጊዜ መታሁት፤
ጮኸ።
እንደ ደወል አይደለም።
ከሩቅ ስሙን ሲጠሩት
ቆየት ብሎ «አቤት» እንደሚል ሰው።
ድምፁ ገና ሳያልቅ
ሻጩ ሁለት መቶ ብር ጨመረበት።

ጋሽ ድሪብሳ ቤቱ ከገላን መንገድ ዳር፣
መስፉ የሃዲድ ቁራጭ፣ ወንበሩ የጎማ ቸርኬ ነበር።
ወናፉን ሰቅሎታል፤ ከሰሉን የሚነፋው
ከሴቶች ፀጉር ቤት የተጣለ ማድረቂያ ነው።
መብራት የሄደ ቀን ወናፉን ያወርዳል፣
«ይሄ ቆጣሪ የለው» ብሎ ይስቅበታል።
ቀን እጁን የማይጨብጥ ሰፈርተኛ ሁሉ
ማታ ቢላ ይዞ፣ «ጋሽዬ» ነው ቃሉ።

ሻፍቱን ቀጠቀጠው፣ ጫፉን አሾለና
እንደ ሚጥሚጣ ቀልቶ ከእሳት ሲወጣ፣ እኔ ችኩሉ ገና
«ያዝ» ሳይለኝ ነጥቄ ባልዲው ውስጥ ነከርኩት፣ ሙሉውን።
ውኃው ጮኸ። እሱ ዝም አለ። ጉጠቱን አስቀመጠ፣ ፊቱን
በክንዱ ጠረገ። «ነገ ትመጣላችሁ።»

ነገ፣ በሦስተኛው ምት፣ ጫፉ እንደ ብርጭቆ ረገፈ።
አንዷ ስባሪ ከጦና ዓይን
ሁለት ጣት ዝቅ ብላ አለፈች፤
ጉንጩን ግን ሳትስም አላለፈች።

«ወገቡን ማን አጠንክር አለህ?» አለ ጋሽ ድሪብሳ፣
ከሰሉን እየቆሰቆሰ፣ ዓይኑን ከእሳት ሳያነሳ።
«ወገቡ ካልላላ፣ አለቱን ሲመታው
ምቱን መልሶ ለክርንህ ነው የሚሰጠው።
ጫፉን ብቻ። ሁለት ጣት። ከዚያ አውጣው፣ ጠብቀው።»

ጫፉን ብቻ ነከረ፤ በጡብ ስባሪ ፈተገው፣
በሩ ድረስ ወጣ፣ በቀን ብርሃን ሊያየው።
ከወገቡ የተረፈው ሙቀት ቀስ እያለ ወረደ፣
ነጩ ላይ ቀለም መጣ፣ እንደ ጥላ ሄደ፦
የጤፍ ገለባ። የስንዴ ገለባ።
«ሰማያዊ ከሆነ አልፎናል» አለ፣ ትንፋሹን ሳያስገባ፤
ጦና በፋሻው ሥር፣ እኔ በጥፋቴ ሥር፣ ሦስታችንም ቆመን
ጠጅ ሲመስል አየን።
«አሁን!»
ውኃው በዚህኛው አልጮኸም፤ አንዴ ተነፈሰ።

ከሰዓት ጉድጓዱ ውስጥ አንድ፣ ሁለት፣ ሰባት መታሁት፤
በስምንተኛው አለቱ ላይ ፀጉር የሚያክል መስመር አየሁት።
ጦና ሽቅብ ጮኸ፦ «እትዬ! ተሰነጠቀ!»
እትዬ ፈለቀች «ለቅዳሜ ይደርሳል?» አሉ።

ማታ ከፍራሼ ሥር አስተኛሁት፤ ዲጂኖ ሌባ ይወዳል።
ጀርባዬን ይቆረቁረኛል።
ጦና ከነፋሻው ያንኮራፋል።
ገና አንድ ሜትር ከሰባ ይቀራል።