ያኑራችሁ

«ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! አንድ ሰው የቀረው!»
ውሸቱን ነው ሙሄ፤ አራት ነው የጎደለው።
ግን ይህን ውሸቱን እንዴት ናፍቄው ነበር፣
መናኸሪያው ጭር ብሎ በገመድ ሲታጠር።

ያን ጊዜ፣
በሦስት ሰው ወንበር አንድ ሰው ተኮፍሶ፣
ትርፍ መጫን ቀርቶ ልኩም ተቀንሶ፣
ብሩን በጣሳ ነው ሙሄ የሚቀበለን፣
መልሱንም በጣሳ የሚመልስልን።
የሳንቲሙ ጩኸት ዛሬም ይሰማኛል፤
ጣሳ ውስጥ ያለ ብር የሰው እጅ ያምረዋል።

ከሁሉም ከሁሉም አንዲት ቃል ጠፍታ ቀረች፤
ድንኳን ሳይጣልላት ዝም ብላ ተቀበረች።
ድሮ ሰው ሲያስነጥስ፣ ዘመድ ባይሆን እንኳ፣
«ይማርህ» ይባላል፤ ምርቃት ነው ለካ!
«ያኑርህ» ይመልሳል፤ ሂሳቡም ይዘጋል፤
ማን ከማን ተበድሮ፣ ማን ለማን ይከፍላል?
ኋላ ያስነጠሰን እንደ ሌባ አዩት፤
በአፍ ፈንታ በዓይን፣ በጎሪጥ መረቁት።

ሐሙስ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ።
የፋብሪካ ቁራጭ ከታች ልገዛ ነው፤
ያኔ አፍ መሸፈኛ፣ ዛሬ ትራስ ልሰፋው።
ከጎኔ ያለችው ልጅ እስከ ዓይኗ ተሸፍናለች።
ክሩን ሳየው የኔ ስፌት ነው፤
አልነገርኳትም።

ሐረጎን ስንጀምር ጉሙ ከገደል ወጣ፤
«መስኮት ዝጉ!» አለ ሹፌር፣ «ብርዱ ሰው ሊቀጣ!»
ከኋላችን ደግሞ ባለቤት የሌለው
ጆንያ በርበሬ፣ አፉን የከፈተው።
አንዱን ጥምዝ ቻልኩት፤ ሁለተኛውን ቻልኩ፤
አፍንጫዬን ይዤ ፈጣሪን ለመንኩ፣
«አሁን ካስነጠሰኝ ማን ያምነኛል?» እያልኩ።
ሦስተኛው ላይ ግን
ፈነዳሁ።

ሙሄ ሳንቲም መቁጠሩን አቆመ።
ሹፌሩ በመስታወት አየኝ።
ልጅቷ ትከሻዋን ሰበሰበች።
ያ ሁለት ዓመት ተመልሶ መጣ፤
ሂሳብ ከፍሎ
በእኔና በእሷ መሀል ተቀመጠ።
ስንት ጥምዝ እንዳለፍን አልቆጠርኩም፤
ሞተሩ ብቻ ያጉረመርማል።

ከፊት ወንበር እመት ዘምዘም ዞረች።
ሰፈሩ ያውቃታል፤ ጋሽ ይመርን ያጣች፣
አራት ሰው ብቻ ሲሸኘው ከሩቅ ቆማ ያየች፤
ብትፈራ፣ ብትሸሽ፣ ብትቆጣኝ
ማንም የማይፈርድባት።
አየችኝ፣ ቆየች፣
«ይማርህ» አለች።

ቃሏ እንደጠፋ ቁልፍ ነበር፣
በአሮጌ ኮት ኪስ ውስጥ ድንገት እንደተገኘ።
መልሱ ጠፋብኝ። በየት በኩል ነበር የሚጀመረው?
«ያ... ያኑርሽ» አልኩ፤
ምላሴ እንደ ዛገ መቀስ
እየተንቋቋ ተከፈተ።
ከዚያ ከመሀል አንዱ፣ ከኋላ ሌላው፣
ሙሄም ሳንቲሙን እንደጨበጠ፣
ይማርህ! ይማርህ!
የሁለት ዓመት ውዝፍ።
ወዲያው ሹፌሩን አስነጠሰው፤ ሳቅን።

ልጅቷ ብቻ ዝም አለች፤ መሸፈኛዋንም አላወረደች።
አልተቀየምኳትም።
ፍርሃት እንደ ሐረጎ ነው፤
ሁሉም በየማርሹ ይወርደዋል።
ግን መስኮቱን አንድ ጣት ያህል ከፍታ፣
ለሁለታችንም እንዲደርስ
ወደኔ ገፋ አደረገችው።

ኮምቦልቻ በሙቀቷ ተቀበለችን።
ጣሳው ከወንበር ስር አለ፤ ብሎንና ሚስማር ይዟል።
ሙሄ መልሴን መዳፌ ላይ አኖረው፤
እጁ ላብ ነበረው። አልጠረግኩትም።

ስወርድ አንድ ሽማግሌ በክርኑ ነካ አደረገኝ፤
«ባለ በርበሬው እኔ ነኝ» አለኝ ዝቅ ብሎ፣
«ያወቁብኝ መስሎኝ ዝም አልኩ እንጂ...
ይማርህ።»
ጆንያውን አሸከምኩት።
«ያኑራችሁ» አልኩ፣
እሱንም፣ በርበሬውንም።