አንገት፣ እጅጌ፣ ወገብ

ሮዛሪዮ፣ ሐምሌ፤ ወንዙ ጉም ለብሶ፣
ሰዉ ሁሉ አንገቱን በኮሌታው መልሶ፣
ዴልሚራ መንገዱን ተሻግራ መጣች፣
ስልኳን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።
«አላውቅሽም አለኝ» አለች፤ ቁጣ የለባትም፣
ያኮረፈ ጎረቤት እንጂ ዕቃ አልመሰላትም።

የጠፋባት ስድስት ቁጥር ነው።
ፔሶው በመዳፍ ላይ እንደ በረዶ ሲሟሟ፣
የጠዋቱ ዋጋ ለማታ ሳይስማማ፣
ከዚፕ፣ ከቁልፍ፣ ከጫፍ ማጠፊያ የተረፈ፣
አራት ዓመት ሙሉ ወደ ክሪፕቶ ያለፈ፣
ጉልበቷ ነው እዚያ፣ ከመስታወቱ ጀርባ፤
ያያታል፤ እሷ ደጅ ናት፣ ለገዛ ቤቷ ሌባ።

የልጇን ልደት ሞከረች።
የቤት ቁጥሯን ሞከረች።
ናዛሬኖ የሞተበትን ቀን ነካች፣ ቀስ ብላ፣
እንደሚያምም ቦታ።
ስልኩ፦ አንድ ደቂቃ ጠብቂ።
ስልኩ፦ አምስት።
ስልኩ፦ አንድ ሰዓት፤
ቀና ሳይል «ነገ ነይ» እንደሚል የመዝገብ ቤት ሹም።

«አሥራ ሁለቱን ቃላትስ?» አልኳት። «ጽፈሽ ነበር?
ቁጥሩ መቀርቀሪያ ነው፤ ቤቱ በነሱ ነው የሚኖር።
ካሉሽ መተግበሪያውን ከነጭራሹ እናጠፋና፣
ከባዶ ጭነን ቃላቱን ስንነግረው ይመለሳል እንደገና።»
«እናጠፋና?»
አሥር ጊዜ ለክታ አንዴ የምትቆርጥ ሴት
አየችኝ፣ ጨርቅ እንዳበላሸ ተለማማጅ።

ሦስት ቀን ጠፋች።
በአራተኛው የወንድ ካፖርት በክንዷ አንጠልጥላ፣
ገበሩን በምላጭ ተርትራ፣ ከብብቱ ሥር ፈልፍላ፣
አወጣች፦ የንድፍ ወረቀት፣ የቢራቢሮ ክንፍ ያህል ስስ፣
በእርሳስ የተጻፈ፣ ሲነኩት የሚበጠስ።

ንብ። ጨው። ምሰሶ። አጎት። ክረምት።
(እነዚህ የሷ አይደሉም፤ እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው፤
ያየሁትን ልረሳ ምያለሁ።)
ገጣሚ ያልገጠማቸው፣ ዕጣ የጠራቸው፣
ሰም የሌላቸው ወርቅ፣ ፍቺ የማይሻቸው።
አንዱ ቃል ቦታ ቢስት
ቤት አይመታም፤ ቤትም የለም።

ሰባተኛውን ግን መቀስ በልቶታል፣
አራት ፊደል ብቻ ከጫፉ ተርፏል።
«ይበቃል» አልኳት። «በዚህ መዝገብ ውስጥ
ሁለት ቃል በአንድ ዓይነት አራት ፊደል አይጀምርም።»
«ሰውም እንዲህ በቀረው ቢታወቅ» አለች።

አጥፋ የሚለውን ራሷ ተጫነችው።
ምስሉ ተንቀጠቀጠ፤ ጠፋ።
ባንኮኒውን በሁለት እጇ ያዘች፣
መርከብ ላይ እንዳለ ሰው።
ከዚያ ቃል በቃል፣ መርፌ በወጋው ጣት፣
ፊደል በፊደል እየቆረጠች ሰጠችው፤
ገንዘቡ ብቅ አለ። ብዙ አይደለም፤
አንድ የስፌት ማሽን፣ የቀረው ለኪራይ።
አዲስ ቁጥር ምረጪ አላት። ፊቴን አዞርኩ።

ማክሰኞ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ
እያለከለከች ገባች።
«መጣልኝ!»
«ምኑ?»
«የድሮው ቁጥር! የአናጺውን ሱሪ ስለካ
ሜትሩ ሰማንያ ስምንት ላይ ሲቆም፣ እሱ ነው ለካ!
ሠላሳ ዘጠኝ፣ ስልሳ ሁለት፣ ሰማንያ ስምንት፤
አንገቱ፣ እጅጌው፣ ወገቡ፤
ናዛሬኖ በጤናው፣ ከነሆዱ፣ ከነሳቁ።»
ዝም አለች።
«ኋላ፣ የመጨረሻ ልብሱን ስሰፋለት
ወገቡ ሰባ አንድ ነበር።
እጄ ያንን ይዞ፣ ይኼን ጣለው።»

ምን እላለሁ? ቁልፉ ተገኘ፤ በሩ የለም።
ከደረሰኝ ጥራዜ አንድ ቅጠል ቀደደች፣
ስድስቱን ቁጥር ጻፈች፣ አጠፈች፤
ምንም የማይከፍት፣ ማንም የማይሰርቀው።
ከካፖርቱ ገበር ውስጥ አስገባችው፣
እዚያው ቆማ፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣
ሰፋችው።