ይለፍ ቃል

ዝናብ ሊመጣ ሲል፣ ሙቀቱ ሲያፍነን፣
እኔና ማራገቢያዬ ከደረጃው ሥር ሆነን
የሱራባያን ስልክ ስንፈታ ስንገጥም
መጡ ፓ ዋጊማን፤ ሰላምታም አልሰጡም።
ባንድ እጅ የወፍ ቀፎ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ፣
ባንድ እጅ የስልክ ቀፎ፣ ቁጥሩ ተፍቆ መንምኖ።

«ንዱክ፣ ልጄ፣ ካርዱ ተቆልፏል፤ ቆላፊውም እኔ ነኝ፤
ቃሉን ግን ከምላሴ ላይ ማን እንደወሰደብኝ!»

የሟች ሚስት ድምፅ ይሆናል ብዬ ፊቴን አዘጋጀሁ፤
ለእንዲህ ዓይነቱ ደንበኛ አንገት መድፋት ለምጃለሁ።
«የለም» አሉ፤ «እሷማ አለች፤ እየተቆጣችኝ ነው የወጣሁት።
ጉንቱር ነው፣ ወፌ፤ ነጎድጓድ ብዬ ስም ያወጣሁለት፣
ጅራቱ አንድ ስንዝር፣ ጉሮሮው መቶ ወፍ ያለበት።
ሳይሞት በፊት፣ ጎህ ሲቀድ፣ ጎረቤት ሳይነቃ፣
አርባ ደቂቃ ቀዳሁት። የቀረኝ ያ ነው፣ በቃ።
ይኸ ልጁ ነው» አሉ፣ ጨርቁን በጣት ገለጥ አድርገው፤
«ከአባቱ ካልሰማ ምን ይማር? የሰማውን ነው የሚያወጣው፤
የሞተር ብስክሌት ጡሩምባ ሆኖ ቀረ ዜማው።»
ጫጩቱም እንደተጠራ ምስክር፦ ጲጵ፣ ጲጵ።

«ታዲያ ለምን ቆለፉት?»
ዝም አሉ።
«በሰፈራችን የድምፅ ሌባ አለ። ስሙን አልጠራም።
ድሮ ባልንጀሬ ነበር። ዳኞቹ ከቀፎው ሥር
ባንዲራ ሲተክሉ፣ ባንዲት ባንዲራ በለጠኝ።
መብለጡስ ባልከፋ፤ ሳቀብኝ።»

የልደታቸውን ቀን ሞከርን፤ እምቢ።
የቤት ቁጥር፤ እምቢ። የሚስታቸውን ስም፤ እምቢ።
(እዚህ ላይ «አትንገሪያት» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ቀንሰው።)
ካርድ ግትር በቅሎ ነው፤ ቢለምኑት አይሄድ፣ ቢገርፉት አይሄድ።
አሮጌ ስልክ ግን ቂመኛ ነው፤ ባለቤቱ የረሳውን አይረሳም፤
ካላጠቡት በቀር፣ ከሆዱ የገባ ቃል አይወጣም።
በገመድ ከኮምፒውተሬ አገናኘሁት፤ ከጓዳው ገባሁ፤
አንዲት ሚጢጢ ፋይል፣ ቅጥያ ስም የሌላት፣
የጽሑፍ ስም ቀጠልኩላት፤ ከፈትኳት፤ አየኋት።
ፊደል፣ ባዶ፤ ፊደል፣ ባዶ፤ እየቃተተ እንደሚናገር ሰው፦

ካ   ስ   ሙ   ጂ

ስክሪኑን አዞርኩላቸው።
መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።
«ሁሉን ይሞክራል ብዬ ነበር» አሉ ዘግይተው፤
«የራሱን ስም ግን ከእኔ አይጠብቅም።»
ዝናቡ ጣራውን መታው።
«ባለፈው ጾም ሞተ። ቀብር አልሄድኩም።
ወፎቹን ማን እንደወሰዳቸው እንጃ።»

ቃሉን ጻፍኩ። ካርዱ ተከፈተ። ጉንቱር ዘፈነ፤
ከደረጃው የሚወርደው ሁሉ ባለበት ሆነ።
ጫጩቱ ከጨርቁ ሥር ትንፋሹን ዋጠ፤ አንዲት ድምፅ ሞከረ፤
ሳተ፤ ደገመ፤ ተሰበረበት፤ ወደ ጡሩምባው ዞረ።

«አዲስ ቃል ላድርግለት?» አልኩ፣ ጣቴን ሳላነሣ።
«ተይው» አሉ፤ «ይለፍ።»

ከፍለው ወጡ። ጃንጥላ አልያዙም፤
ቀፎውን በሸሚዛቸው ጋርደው፣ ስልኩን እንደ ፋኖስ ከፊት አድርገው።
ገመዴን ስጠቀልል፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ከዝናቡ ውስጥ
ጲጵ አለ አንድ ነገር፤
ሞተር ይሁን ወፍ አልለየሁም።