የእንየው ካሜራ

ሞጣ፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያ ሲወርዱ፣
ፊት ለፊት ነበርን፤ አቧራው የጋራ፣ የጋራም መንገዱ፤
እንየው ማዶ ሰው ሲያነሳ፣
እኔ ወዲህ የሞተ ሰዓት ሳስነሳ።
የሚሄደውን እሱ ያቆማል፤ የቆመውን እኔ አስኬዳለሁ፤
«አንድ ቀን ሳንጣላ አንቀርም» ይለኛል፤
«እስክንጣላ ሻይ ጋብዘኝ» እለዋለሁ።

ለእንጀራው ሌላ ነበረው፤ ባለ ሦስት እግር፣ ባለ ጥቁር ጨርቅ፤
ይህች ግን የግሉ ነበረች፤ ዘኒት፤
እንደ ወፍጮ መጅ የከበደች፣ ትከሻ የምታደቅቅ።
ባትሪ አታውቅ፣ መብራት ቢሄድ ግድ የላት፤
ብርሃን የምትለካበት ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል፤ እሱ ነው ያየላት።
ቅቤ ነጋዴ ቅሉን ብድግ አድርጋ እንደምትገምት፣
ሰማዩን አንዴ ያይና ቀለበቷን ያዞራል፤ አይስት።
ሰባራ ድልድይ ቁልቁለት ላይ፣ ከበቅሎ ወድቃ፣ ሦስት ድንጋይ ነጥራ፣
ትከሻዋ ጎደጎደ እንጂ አልተነሣችም ተሰብራ፤
ያነከሰችው በቅሎዋ ናት።

ክረምት በወጣ ቁጥር ይዟት ይመጣል፤
የሌንሷ ቅባት ደርቆ፣ ቀለበቷ እንደ ግትር ወይፈን እምቢ ብሏል።
«ፊት ፊቷን ሥራልኝ፤ ጀርባዋን እንዳትከፍት፤
ምላጯንም እንዳትነካ፤ ፊልም አለባት።»
ጠብታ ቤንዚን፣ ቀጭን መፍቻ፣ የዶሮ ላባ፤
ከቀትር በፊት ቀለበቱ ከእጄ ጋር ተግባባ።
«ስንት ነው?»
«ሲኖርህ ትሰጣለህ።»
አልሰጠም። አልጻፍሁትም።

ኋላ ስልክ መጣ፤ ሰዓቱንም ፎቶውንም ባንድ ኪስ አግብቶ፤
«በቃ ጠቡ ቀረ፤ አንድ ቤት ገባን!» አለኝ እንየው፣
ስቆ፣ በሳል ታፍኖ፣ ደግሞ ስቆ፣ በሩን ዘግቶ።

ጳጉሜን ላይ ዐረፈ።
ልጁ ይታይሽ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ከጠረጴዛዬ ላይ፣
ከተፈቱት ሰዓቶች መሐል አኖረቻት፤
«ዕዳ ነው ብሏል» አለች፣ ፊቴን ሳታይ።

ቁጥሯ ሠላሳ አንድ ላይ ቆሟል። አምስት ይቀራል።
አምስቱን ዓመት ጨረስሁበት፤
አምስት ብር ብቻ ያለው ሰው ገበያ ውስጥ እንዲህ ይዞራል።
ደግሞ አንድ ነገር ተማርሁ፤
ስትጫናት መስተዋቷ ብድግ ብሎ ይጋርድሃል፤
የያዝኸው ቅጽበት፣ እሱ ብቻ፣ ያመልጥሃል።

ይታይሽ ጨለማ ክፍሉን ከፈተችልኝ፤
መድኃኒቱ ጊዜው አልፎ የጌሾ ውኃ መስሏል፤
ቀይ አምፖሉ ተቃጥሏል።
ሰዓቴን ከጆሮዬ አስጠግቼ ደቂቃውን በድምፅ ቆጠርሁ፤
አጠብሁ፤ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልሁ፤
ሲደርቅ ወደ መስኮቱ ዞርሁ።

ሠላሳ አንዱም እኔ ነኝ።
ከማዶ፣ በመስኮት፣ አጉሊውን ከዓይኔ ሰክቼ፣ አቀርቅሬ፣
አሥር ዓመት ሙሉ፣ አንዴም ቀና ሳልል፣
ከመርፌ አናት ከምታንስ ብሎን ጋር ታስሬ።
ከላይ ፀጉሬ በረዶ ነው፤ ወደ ታች ሲወርድ ይጠቁራል፤
መጨረሻ ላይ ያለው ሰው ጎረምሳ ያህላል።
ምን ጉድ ነው ብዬ ገልብጬ፣ ደግሜ ገልብጬ አየሁት፤
እስኪገባኝ ድረስ፦ ይህ ሰሙ ነው፤ ወርቁን ገና አልፈታሁት፤
ነጩ ጥቁር ነበር።
የጠቆረው ሽበቴ ነው።

የኔ አምስቱማ፦ አንዱ አውራ ጣቴ፣ ሁለቱ ጭጋግ፣
አንዱ ከጎርፍ ጋር የሚወርድ ኮንጎ ጫማ፣
የመጨረሻው የሱ በር፣ ዝግ።

ማተሚያ ወረቀት ባሕር ዳር ድረስ አስጠየቅሁ፤
«የምን ወረቀት?» አሉኝ፤ «ግዴለም» ብዬ ተውሁ፤
በሰሙ እየጎረመስሁ ልቆይ።

ይታይሽ እጇን በነጠላዋ ጫፍ እያደረቀች መጣች፤
«ምን ወጣ?» አለች።
ጥብጣቡን ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረግሁት፤
ከመስኮቱ ፈቀቅ አልሁላት።
«ነይ» አልኋት፤
«እንየው።»