ሁለት እግር ያለው ቤት

«ጅማ ባሕር የላት፣ መርከብ ምን ሊሠራ?»
ይሉኝ ነበር ሄርማታ፣ አንዱ አንዱን እየጠራ።
እውነት ነው፣ የላትም። ግን ያ ምሰሶዬ
ከጓሮ የቆረጥኩት ባሕር ዛፍ ነው፣ ጌታዬ፤
ዕድሜውን በስሙ ባሕር ይዞ ኖሮ
ማዕበል ሳያይ ሊቀር ነው ወይ ዘንድሮ?

ሠላሳ ዓመት ሙሉ በርጩማ ስጠርብ፣
ከአንድ የዋንዛ ግንድ ሦስት እግር ስስብ፣
አንድ ነገር ገባኝ፦ ዕቃን የሚያቆመው
እግሩ ብቻ አይደለም፣ መሐሉ ባዶው ነው።
ጀልባዬም እንደዚያ፤ ሁለት ቀጫጭን ሆድ፣
ከላይ የጣውላ ርብራብ፣ ከሥር የውኃ መንገድ።

ሦስት ክረምት ፈጀሁ። የጅማ ዝናብ ኮላ መች ያስደርቅ፤
ኮምፔንሳቶው ሲያብጥ ስልጥ፣ ሲላቀቅ ሳጣብቅ፣
ልጄ ነጂብ ፋኖስ እንደያዘልኝ ሲያንቀላፋ፣
አንዳንድ ሌሊትማ ከእኔም ተስፋ ጠፋ።
ግን በእጅ የሠሩት ነገር፣ ይኸውላችሁ ጥቅሙ፦
የቱ ጋ እንደሚያፈስ አውቃለሁ፣ የቱ ጋ እንዳለ ሕመሙ።
የኪራይ ቤቴ ጣሪያ ያፈስ ነበር ለዓመታት፣
ቀዳዳዋን እኔም ባለቤቱም ሳናውቃት።

አንድ ጥፋት አላት፤ ሸክም አትወድም።
ካበዙባት ትከብዳለች፣ ወደፊትም አትሄድም።
ቁምሳጥን አይሆንም፣ ሶፋ አይሆንም፣ ሁለተኛ ድስት አይሆንም።
ሰዕዳ የሰርጓን ሣጥን ሸጣ
ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም።
ይህንን ከጥቅሙ መሐል አልቆጥረውም።

ከግቢ ስትወጣ በሩ ጠበባት፤
መንታ መሆኗ በጀ፣ ለሁለት ፈታኋት።
በአሰንዳቦ መንገድ፣ በሁለት አይሱዙ፣
ትራፊኩ አስቆመን ገና ሳንጓዝ፣ በመንገዱ።
«ጭነቱ ምንድነው?» አለኝ።
«ቤቴ» አልኩት።
«ይኼ ብቻ?»
«ግማሹ ከኋላ እየመጣ ነው» አልኩት።

አሁን ግቤ ግድቡ ላይ ነን። ነፋስ ሲነሣ
የዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ ያጋድላል፣ ይወድቃል፣ ይነሣል፤
እኔ የሻዬን ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ትቼ
ሸራ ልስብ እሄዳለሁ፤ አገኘዋለሁ ሳይፈስ፣ ተመልሼ መጥቼ።
ጥልቅ ውኃ አትፈልግም፤ ዳር ድረስ ትጠጋለች፣
ሰዕዳ ቀሚሷን ሰብስባ ጎመን ልትገዛ ትወርዳለች።
ወር ሲጠባ በር የሚያንኳኳ የለም፣
ከጉማሬ በቀር።

ያላሰብኩት ግን አንድ ነገር፦
ቤቱ ይዞራል። በአንድ መልሕቅ ታስሮ
ነፋሱ ወደ ወደደው ያዞረዋል፤
ማታ ምሥራቅ ያየ በር
ሲነጋ ሌላ ኮረብታ ያያል።
ሄርማታ ሳለሁ ቂብላን ግድግዳው ነበር የሚያውቅልኝ፤
ምንጣፉን በለመደው ጥግ ዘርግቼ፣ ሳልጠይቅ ስሰግድ ኖርኩኝ።
አሁን በየንጋቱ እርጥብ ጣውላ ላይ እቆማለሁ፣
ኮከቡን፣ ኮረብታውን አያለሁ፣
«ዛሬስ በየት በኩል ነው?» እላለሁ።
ሰዕዳ ከውስጥ፣ ዐይኗን ሳትገልጥ፣
«ከምሰሶው በስተግራ» ትላለች።
እስካሁን ተሳስታ አታውቅም።