በሩን ስትከፍተው

ደንበጫ መናኸሪያ፣ ትኬት ከሚቆረጥበት፣
እንየው አለ፤ መጽሐፍ ያከራያል፣
ቢራ በነበረበት ሣጥን ደርድሮበት።
ሁለት ብር ለቀን፣
ላሳደረ ሦስት፣
ገጽ ላጠፈ ደግሞ ግልምጫ አለበት።

ከሁሉ አንደኛው ሽፋን የለው፣ ርዕስ የለው፤
ማን እንደ ጻፈው የሚያውቅ ሰው የለው።
«ያ ወፍራሙ» ይሉታል፣ «ያ የልጅቱ»፣
«ያ ዘይት የጠጣው፣ ጥራዙ የተፈታው ካንገቱ።»
የመጨረሻው ቅጠል ማን ጋ እንዳለ እንጃ፤
ታሪኩ መሐል መንገድ፣
«በሩን ስትከፍተው፣» ብሎ ቆሟል።

ልጅቱ ማለት፣
በሠርጓ ማግስት ወንዝ ተሻግራ የጠፋች፣
ሰባት ዓመት ከርማ ወደዚያው ቤት የመጣች፤
እጇን መዝጊያው ላይ እንዳሳረፈች
እዚያው ቀረች።

አንባቢው ግን አልቆመም።
የገጹ ዳር ዳር ሞልቷል፣
በእርሳስ፣ በቀይ፣ ባረንጓዴ፣
አንዱ ባንዱ ላይ ደርቦ ጽፏል።

«ውስጥ ያለችው እናቷ ናት» ይላል አረንጓዴው፤
«እናቷማ ሞታለች! ገጽ ስልሳን እየው!»
ጤና ጣቢያ ያለችው ውዴ፣ ምጡ ጋ ስትደርስ፦
«እንዲህ ያለ ምጥ የለም። አዋላጅ ጠይቆ ቢጽፍ ምን ነበር?»
የቅኔ ቤቱ ልሳነወርቅ ባንድ መስመር ጨረሰው፦
«ሰሙ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ወርቁን ማን ወሰደው?»
የጋራዡ ገደፋው ደግሞ፣ እንደ ስሙ ገድፎ፣
መሐሉን ትቶ ዳር ዳሩን ብቻ አንብቦ አልፎ፣
«ከደራሲው እናንተ ትሻላላችሁ»
ብሎ ፈርሟል፣ ቀኑንም ጽፎ።

እኔ ወፍጮ ቤት ነው ሥራዬ፣ ኪሎ እጽፋለሁ፤
ማታ ማታ ዱቄት በነካው ጣቴ እገልጠዋለሁ፤
«እኔስ ምን ልበል?» እላለሁ፣
ስክሪብቶ አነሳለሁ፣
አስቀምጣለሁ።

ሙሉጎጃም ማንበብ አትችልም።
መናኸሪያው በር ላይ ድንች ቅቅል ትሸጣለች፤
ባንድ አውቶቡስና በሌላው መሐል
እንየው ጮክ ብሎ ሲያነብ ትሰማለች።
ሦስት ጊዜ አስነብባዋለች፤ ክፍያው ድንች ነው፣
ምዕራፉ ከረዘመ ቃሪያም ይጨመራል።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደልቅ፣
ከባሕር ዳር የመጣ መኪና ጎማው ፈነዳ።
አንድ መንገደኛ ወርዶ፣ ካፖርቱን እያራገፈ፣
መጽሐፉን አየና ፊቱ ላይ ሳቅ ሰፈፈ።
«ይህንማ አውቀዋለሁ፣ ሙሉው እቤቴ አለ፤
መጨረሻውን ልንገራችሁ?» አለ።

ዝም።
ውዴ ጆሮዋን ያዘች።
ልሳነወርቅ «አትንገረን!» አለ፤ እግሩ ግን አንድ እርምጃ ቀረበ።
ገደፋው፦ «ንገረን ወንድሜ፣ ጎማህን በነጻ እለጥፋለሁ።»

«ማንም የለም» አለ ሰውዬው።
«በሩን ስትከፍተው፣ ቤቱ ባዶ ነው።
በቃ። እዚያ ላይ ያልቃል።»

ቆርቆሮው ብቻ ሲንጫጫ ቆየ።
እንየው ሣጥኑን፣ ሰው እንደ ሞተበት፣ አየ።
ስንት ዓመት የተጣላንበት፣
ስንት ስክሪብቶ ያለቀበት፣
ባዶ ቤት።

ያኔ ሙሉጎጃም፣ ድንች ስትልጥ የቆየችው፣
ቢላዋዋን እንደያዘች ቀና አለችና፦
«ኧረ ተው አያ!
ወንዙን ስትሻገር፣ ገና ከማዶ ሆና፣
ጭስ አላየችም ከጣራው ሲወጣ?
እንየው አንብቦልኛል፣ ያውም ሦስቴ፤
ባዶ ቤት ማን እሳት አነደደ፣ በሞቴ?»

ሰውዬው አፉን ከፈተ።
የመኪናው ጡሩምባ ጮኸ።
አፉን ዘጋ።
ተሳፍሮ ሲሄድ ግን በመስኮቱ አየሁት፣
ለብቻው ሲያወራ።

ከዚያ ወዲህ ጭቅጭቁ ባሰ እንጂ መች በረደ?
«ደራሲው ረስቶት ነው።» «የለም፣ ሆን ብሎ ነው።»
«ያየችው ጭስ እኮ የጎረቤት ነው።»
(ይህን ላለው ሰው ሙሉጎጃም
ሦስት ቀን ድንች አልሸጠችለትም።)

ያን ማታ መጽሐፉ የኔ ተራ ነበር።
ቤት ሳልወስደው ከምድጃዋ ጎን ተቀመጥኩ፤
«በይ አንቺ ተናገሪ፣ እኔ ልጻፍ» አልኳት።
እጇን በመቀነቷ ጫፍ ጠረገች፣
የምትጽፈው እሷ ይመስል።
ከተቆረጠው ዓረፍተ ነገር ማዶ፣
ያን ሁሉ ዓመት ማንም ካልነካው ጥግ፣
በሷ አፍ፣ በኔ እጅ፣
አንዲት ቃል ተቀመጠች፦

«ጭሱስ?»